ከቆጥ እስከ ብብት

ዳራን ገበያ ነው፣ ከተራራው እግር፣
ሞረድ የምሸጠው፣ ድንጋይ የምቸረችር።
የወሩ ስም አሳር፣ ዝናቡም እንደ ስሙ፤
ቆርቆሮው ሲያፈስስ፣ ደንበኞች ሲያዘግሙ፣
ጃንጥላዬን አጥፌ በብብቴ ይዣለሁ፤
ሌባ አይጠፋም ብዬ። አመል ነው፤ ምን እላለሁ።

ሃርካማያ መጣች፣ የቱላራም ሚስት፣
ከወንዝ ማዶ መንደር፣ በእግሯ ሦስት ሰዓት፤
የዚያ የቀጥቃጩ፣ ሲስል የኖረው ሰው፣
ቀን ቀን ብረት ሲስል፣ ሌት ሌት ጭስ ያሳለው፣
አምና ሳለ፣ ሳለ፣
ዝም አለ።

ፌስታሏን ፈታችው። በጨርቅ ተጠቅልሎ
ኩክሪ ወጣ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን አዘንብሎ።
ወደ ጫፉ ሆድ አለው፣ ወደ እጀታው ብብት፤
ብብቱ ነው ጉዱ፣ ምስጢሩ ያለበት።

«ልጄ ከኳታር መጣ፣ አራት ዓመት ቆይቶ፣
ጡብ የሚያህል ድንጋይ፣ ዝርግ፣ ውድ፣ ገዝቶ።
ሰነፍ አይደለም ልጄ፤ ማታ ማታ ፈተገው፤
ስለት አወጣለት፤ ግን ቀጥ አደረገው።
እየው፣ እዚህ ጋ...» አለች፣ በጣቷ ጥፍር
ባሏ ያጎበጠውን፣ ሊጠፋ ያለውን መስመር
ቀስ ብላ እየተከተለች።

«አፎቱ ጀርባ ላይ ሁለት ኪስ ነበረው፤
ባንዱ ትንሽ ቢላ፣ ባንዱ ቻክማክ ነው፤
ክብ፣ ዶልዱም ብረት፤ ለሌላው ነው ስለት።
ልጄ ‹አይቆርጥም› ብሎ ለቆራሌው ሸጦት!»

እኔም ነጋዴ ነኝ። በርጩማ ላይ ቆሜ
የቆጡን አወረድኩ፣ ትርፌን አስቀድሜ።
ባለ ሁለት ፊቱን፣ ሻካራና ልስልስ፤
«በብብት ላይ ድልድይ ነው፤ ወንዙ ጋ አይደርስ።»
በመብራት የሚዞር ጎማ አሳየኋት፤
«ባሌ ያጠጣውን ውኃ፣ ልታስተፋው በእሳት?»
ማዕዘን ጠባቂ፣ በብሎን የሚታሰር፣
መቆንጠጫም መጣ፣ ከመመሪያው ጭምር፤
ሁለት ጊዜ ስናስር ሁለቴ ሾልኮ ወጣ፤
በሦስተኛው ጣቴን ነከሰኝ፣ ደም መጣ።
«ይሄም ለቀጥታ ነው» አለች፣ ደሜን አይታ፤
«ለቀጥታ ነገር ማን ይቸገራል፣ ጌታ?»

«ክብ ዘንግ ነው የሚሻው፤ እሱ ደግሞ አልቋል» አልኳት፤
«ከካትማንዱ ይመጣል፣ መንገዱ ከተከፈተ፣ ምናልባት...»
ዝናቡ በረታ። ዝም ብላ አየችኝ፤
«ብብትህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ።

እጀታው ክብ ነው፣ ባውራ ጣት ውፍረት፣
ሰባት ክረምት መዳፌ ያለሰለሰው ዕንጨት።
«የብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ቅጠል» አለች፤
ዙሪያውን ጠመጠመች፣ በፀጉሯ ክር አሰረች።
የኩራዙን ጥላሸት ስለቱ ላይ ቀባች፣
የት እንደሚነካ ሊነግራት። ጀመረች፦
ከእጀታው ተነሥታ፣ ብብቱ ውስጥ ገብታ፣
ከሆዱ ጋር ሆዷን ወደ ውጪ ነፍታ፣
አንዴ በዚህ ጎኑ፣ አንዴ ገልብጣ በዚያ፣
ሽው...
ሽው...
እንደ ልጅ ማስተኛ።

ጥቁሩ ለቀቀ። እንደ ማታ ጨረቃ
ቀጭን፣ ነጭ፣ ጎባጣ መስመር ብልጭ አለ፣ ነቃ።
በርጥብ ጋዜጣ ላይ አንዴ አሳለፈችው፤
ድምፅ እንኳ አልሰማሁም፤ ዜናውን ለሁለት ከፈለችው።
«ስለቴ ሰመረ» አለች። የቱን ስለት እንደሆን
አልጠየቅኋትም፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ በዚያን ቀን።

አሥራ አምስት ሩፒ፣ የወረቀቱን ዋጋ
ቆጥራ ሰጠችኝና፣ ሄደች ወደ ወንዙ ጋ፣
ጃንጥላዬን ይዛ። እኔም «መልሺ» አላልኩ፤
የቆጡን ሁሉ ዕቃ ወደ ቆጥ መለስኩ፤
ማታ ባዶ ብብቴን ይዤ፣ እስካጥንቴ ረጠብኩ።

ሳምንት ቆይቶ አንድ ጎልማሳ በሬ ላይ ቆሞ፣
ጡብ የሚያህል ድንጋይ በክንዱ ተሸክሞ፣
«ይሄን ትለውጣለህ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ከዚያ ጣራዬን አየ፤ በርጩማውን፤ እጄን፤ ቆየት ብሎ፣
«ጃንጥላ አለህ?» አለኝ፣
አንገቱን አዘንብሎ።