ዋስ

መዘዞ ላይ ነፋስ ደጅ መጥናት አያውቅም፤
ሲመጣ አይጣራም፣ ሲሄድ አይሰናበትም፤
ከቆላ ተነሥቶ፣ ገደሉን ሽቅብ ወጥቶ፣
ገብሱን በየማሳው በግንባሩ ደፍቶ፣
ቤት ይገባል፣ ባለቤቱን ረስቶ።

የመጀመሪያዬን መስኮት ሌላ ሰው ነው የገጠመ፤
ስድስት ምስማር በድንጋዩ መሃል፣ ጭቃው ላይ አተመ፤
«ሺህ ዓመት ይኖራል» አለና ሂሳቡን ጠየቀ።
ሺህ ዓመቱ በኅዳር፣ በአንድ ሌሊት አለቀ።

ግድግዳዬ በባዶ ድዱ ሲያፏጭ አደረ።
ሲነጋ ወጣሁ፤
መቃኑ ከነመስተዋቱ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ሳይሰበር፣
ከጎረቤቴ ከሽታዬ ያልታጨደ ገብስ መሃል
በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ያይ ነበር።

ወንድይራድን አስጠራሁ፣ የጣርማበሩን አናጢ።
መጣ፤ ቀዳዳውን በጣቱ ጎረጎረ፣
ጭቃውን በመዳፉ አሽቶ ፈረፈረ፤
«ዘርትሁን፣ ይህ ምስማር ማንን ይዞ ነበረ?
ድንጋይ ለራሱ ነው፣ ለሌላ አይቆምም፤
ዋስ አጥቶ ነው እንጂ መስኮትሽ አልበደለም።»

ከዚያ መሮውን አወጣ።
በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት፣
ከደፉ ስንዝር ከፍ፣ ከጉበኑ ስንዝር ዝቅ፣
አንዴ እየተቆጣ፣ አንዴ እየለመነ፣ ድንጋዩ እስኪለቅ፣
ቡጢ የሚያገባ ጎሬ ፈለፈለ፤
አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ።
«ሆደ ሰፊ» አለኝ «እንዲህ ነው፤
ከዋጠ አይተፋ።»

ጥዱ ከፈረሰው ቤታችን ወጋግራ ነው፣
ሠላሳ ዓመት ጢስ የጠጣ፣ ነቀዝ የማይደፍረው።
ሦስት ጉማጅ ወጣው፤ አራተኛው ጎደለ፤
ከአጥር ላይ እርጥብ ባሕር ዛፍ ቆርጦ «ይሁና» አለ።
ጅራታቸውን ሰንጥቆ ሽብልቅ አስነከሳቸው፣
አንድ በአንድ በመዶሻ ወደ ጎሬው ሸኛቸው።
ሽብልቁ ከድንጋዩ ጀርባ ሲደርስ መሄጃ አጣ፣
እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ሰፋ፤
ከዚህ ወዲያ ማን ያወጣ?

መቃኑን አቆመ፤ ቱንቢ ጣለ፤
ክሩ እስኪረጋ ሁለታችንም አልተነፈስንም።
ብሎኑ መቃኑን አልፎ ጥዱን ሲነክስ
ድምፁ ተለወጠ፤ መጮኹን ትቶ አጉረመረመ፣
አጥንት እንዳገኘ ውሻ።

በዚያው ሰሞን ለጣራዬ ቆርቆሮ ብድር ጠይቄ፣
«ዋስ አምጪ» ተብዬ፣ ዘመድ ቤት ዘልቄ፣
ወንድሜ በሬ ጠፋበት፤
አማቼን ወገቡን ያዘው፤
የአጎቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ሄዷል አሉኝ፣
ኮቱን ግን ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ አየሁት።
ወንድይራድ ፍቅፋቂውን ከጢሙ ሳያራግፍ
ጽሕፈት ቤቱ ገባ፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ፣
ከስሜ በታች ጫነ፤
ለጸሐፊው ስለ ዝናቡ መዘግየት ነግሮት
ወደ መጋዙ ተመለሰ።

ልስኑ ሁሉንም ሸፈነ።
እንግዳ ሲመጣ መስተዋቱን ያደንቃል።
ዕዳዬን ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ያ አውራ ጣት ግን
ዛሬም ከመዝገቡ ሆድ ውስጥ ይሆናል።

ባሕር ዛፉ ብቻ፣ በጋ ሲገባ ደርቆ ጠበበ፤
በግራ በኩል፣ ከታች፣ ቋ ቋ ይላል።
ወንድይራድ በደጄ ባለፈ ቁጥር ይሰማዋል፣ ያፍራል፤
«ላውጣውና ጥድ ላስገባበት» ይላል።
«ተወው» እለዋለሁ፤
«ነፋሱስ ደጅ አይጠናም፣
እሱ ግን ቀድሞ ያንኳኳልኛል።»