ጥፍር የምታህል ቀይ

ስምንት ወሯ ነው ማኅቶት፤ ከታች ሁለት ጥርስ አውጥታለች፤
ትሪው ምንጣፉን ሲነካ ከጭኔ ላይ ትንሸራተታለች።
ፋፋዋን በማንኪያ ይዤ «አውሮፕላን መጣ» ስላት
አፏን ግጥም ታደርጋለች፤ አውሮፕላኑም ማረፊያ አጣባት።
ዓይኗ ከአባቷ እጅ ጋር ይሄዳል፣ ይመለሳል፤
ድዷ ባዶ ያላምጣል፣ ልጋጓ ደረቷን ያርሳል።

የዛሬው የቆረሶ ወጥ ነው። አንለይ ትናንት ማታ
ሽምብጥ ዳር የጀልባ ሞተር ጠግኖ፣ በብር ፋንታ
አራት ዓሣ በደንገል ገመድ አንጠልጥሎ ገባ፤
የፋቅሁት ቅርፊት ክንዴ ላይ ደርቋል፣ እንደ ዘጌ ቡና አበባ።
በርበሬው የእናቴ ነው፤ ከመርዓዊ በላስቲክ የመጣ፣
ክዳኑ ሲነሣ እትዬ ጥሩሰውን ከአጥር ማዶ የሚያስነጥስ ጣጣ።

እሷ ናት «ተይ» ያለችኝ፤ «የሕፃን አንጀት ሐር ነው፤ እሳት ላይ ሐር ማን ይጥላል?»
የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደግሞ፣ «ከቤቱ ማዕድ፣ ቀስ እያልሽ፣ ማስለመድ ይቻላል፤
ጨው ብቻ አታብዢባት።»
እኔ በሁለቱ መሃል ማንኪያ ይዤ ቀርቻለሁ።
የሚያስፈራኝ ሐሩ አይደለም ግን፤ እኔው አውቀዋለሁ።

የሚያስፈራኝ ቃለአብ ነው፤ ስድስት ዓመቱ፣ በኩሬ፣
ፈርቼ ያሳደግሁት፤ እያንዳንዷን ጉርሻ ቆጥሬ፣
ገንፎውን በወንፊት፣ ሾርባውን በጨርቅ አጥልዬ፣
ቁሌት እንኳ እንዳይሸተው የበሩን ሥር በፎጣ ከልዬ።
ይኸው ዛሬ ሶፋው ጥግ፣ ከቤቱ ሰው ተለይቶ
ማካሮኒ በዘይት ይበላል፣ ቀዩን ገበታ ሸሽቶ።
በአጎቱ ሠርግ፣ ሙሽራዋ ልታጎርሰው እጇን ስትዘረጋ
እኔ ጀርባ ተደበቀ፤ የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ረጋ።
ጉርሻ ያልለመደ ልጅ ዘመድ እንዴት ይለምዳል?
ይህ ጥያቄ እንደ ጣና ትንኝ ሌሊቱን ጆሮዬ ሥር ይመጣል፣ ይሄዳል።

ደግሞ እኮ፣ ማን በነገረኝ፣ ልጅ ቀማሽ ሆና ትወለዳለች፤
እርጉዝ ሳለሁ ዳጣ ያማረኝ እኔ ነኝ፤ እሷም አብራኝ ቀምሳለች።
ወተቴ የአብሽ፣ የነጭ ሽንኩርት፣ የኮረሪማ መንገድ ነበር፤
ለዚህ ቤት እንግዳ አይደለችም፤ ጡቴ ነው ያስተዋወቃት ከአገር።

አንለይ ብዙ አይናገርም። የዓሣውን ሥጋ ፈልፍሎ
እሾሁን በጣቱ አደነ፣ እንደ ሞተር ሽቦ ነጥሎ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
መረቁን በእንጀራ ጠረገው፤ የቀረችው ቀይ
የማኅቶትን ጥፍር የምታህል ፀሐይ።
«በይ» አላት። ሌላ ቃል የለም።

ጎረሰች።
ዝም።
ከውጭ የባጃጅ ጡሩንባ፤ ከሐይቁ በኩል የአሞራ ጩኸት።
ቅንድቧ ሽቅብ ወጣ፤ ውኃ ሞላ ዓይኗ ላይ በቅጽበት።
የቀሚሴ ቁልፍ ላይ ነኝ፣ ጡቴን ላወጣ ደርሻለሁ፤
እትዬ ጥሩሰው ብትሰማ ምን ትለኝ ይሆን እላለሁ።
ስቅታ መጣ፤ አንድ፣ ሁለት፤
ምላሷ ከንፈሯን ዞረው፣ አንድ ነገር እንደጠፋበት፤
ከዚያ ትሪውን በመዳፏ ጧ! አፏን ከፈተች፤
ሁለቱ ጥርሶቿ ቀልተዋል፤ እንደ ጫጩት ደግሞ ጠበቀች።

አንለይ ሳቀ። እኔ ለምን እንዳለቀስሁ እንጃ፤ ሽንኩርቱ ይሆናል።
ቃለአብ ሶፋው ጥግ ማካሮኒውን ረስቶ ያያታል።
ተነሣ። መጣ። የትሪውን ጠርዝ በአንድ ጣት ነካ፤
ላሰ፤ ሮጠ፤ ውኃ ጠጣ፣ በሁለት እጁ፣ እስኪረካ።
ሌላ አልደገመም። ወደ ነጩ ሳህን ሲመለስ
«ጎበዝ» ልለው አልሁና ተውሁት፤ እንዳይነቃ፣ ነገሩ እንዳይፈርስ።

ማታ ግን ልስመው ጎንበስ ስል፣ ትራሱ ላይ፣
ጣቱ አፉ ውስጥ ናት፤ ጥፍሩ ሥር ትንሽ ቀይ።