ሁለት እጅ፣ አንድ አንጓ

ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጬ፣
ጅቡቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ሁሌ ተቀምጬ፣
ቦርጬ ቀድሞኝ ገባ በደረቅ ወደብ በር፤
«ተመችቶሃል!» አለኝ ፈታሹ ሲያከብር።

ማን አየ ሌሊቱን፣ ማን አየ ማፈኑን፣
እኔና ምስማሩ ቀበቶ መብሳቱን፤
የጫማዬን ማሰሪያ ዑመር ሲያስርልኝ
ወደ መስኮት ዞርኩኝ፣ ዓይኑ እንዳያገኘኝ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ጨርቅ ያራገፍኩ ለት
ሚስተር ሹ አየኝና ጠራኝ ወደ ቤት።
ምላሴን አወጣሁ፤ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፤
«ጣፊያህ ዝናብ ገብቶት፣ እሳትህ ወደቀ።»
ሦስት ጣቱን በአንጓዬ አሳርፎ ሰማ፣
ቦርከና ሲሞላ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ከድልድዩ ጫፍ፣ በጨለማ።

መርፌው እንደ ፀጉር፤ ሆዴ ላይ ስምንት፣ ጆሮዬ ላይ ዘር፣
«ሲርብህ ተጫነው» ብሎ የለጠፈው በፕላስተር።
ሻዩስ? ምን ልበላችሁ፣ ኮሶን ያስመሰግናል፤
አባቴ ቢቀምሰው «ያልመረረ ምኑ ያድናል?» ይል ነበር።

በሳምንቱ ደግሞ ሐረጎን ወጥቼ
ደሴ ሆስፒታል ወረፋ ጠብቄ፣ ገባሁ ተጠርቼ፤
ዶክተር ረምላ ክንዴን ጠቀለለች በሚነፋው ጨርቅ፣
ከዚያም አንጓዬን ያዘች፣ ዓይኗ ከሰዓቷ ሳይርቅ።
«ስኳርህ ደጃፍ ነው፤ ጉበትህን ስብ ከቦታል፤
ጭነት የበዛበት ፍሬን የት ይይዛል?»

ስለ መርፌው ነገርኳት፤ አልሳቀች፣ አልተቆጣችም፤
«ይረዳል ያሉ አሉ፤ ማስረጃው ግን ገና አላጠገበኝም።
ሻዩን አምጣልኝ፣ ቅጠሉን እንወቀው፣
ከኪኒንህ እንዳይጣላ፣ ኩላሊትህን እንዳይነካው።»
ቀጥላም «እራትህ በስንት ሰዓት ነው? መቼ ነው የምትተኛው?»
ሚስተር ሹም በተሰባበረ አማርኛው ይሄንኑ ጠይቆኝ ነበር፤
እኔ ነኝ ዋሽቼ ያለፍኩት ሰው።

አሁን ጭነት ሲራገፍ እኔም እወርዳለሁ፤
ሐረጎን በእግሬ፣ እስከ ሁለተኛው ጥምዝ፣ እያለከለክሁ።
ማታ ጥብስ ሲጠራኝ ጆሮዬን እጫናለሁ።
(ዘሩ ከወደቀ ቆይቷል። ልማድ ነው።)

ዛሬ ፒያሳ፣ አስፋልት ዳር፣ ከልጁ ሚዛን ላይ ወጣሁ፤
መቶ ሦስት ነበርኩ፤ «ዘጠና ስምንት፣ ጋሼ!» አለኝ፤ አሥር ብር ሰጠሁ።
መርፌው ነው? ዳገቱ? ወይስ እራት መተዌ?
ማንን ላመስግን ብዬ ቆምኩ፣ ጫማዬን ራሴ አስሬ።

ልጁ መልስ ሊፈልግ ጎንበስ አለና፣ ቀና ሳይል ተናገረ፦
«ጋሼ፣ ልንገርዎት… ሚዛኑ ትናንት ከእጄ ወድቆ ነበረ።»