ዛሬ አራት በላሁ

ወሩ ገና ሃያ፣ ቦርሳዬ ግን ባዶ፤
ደመወዜን ኪራይ በልቶታል ማልዶ።
እኔ ስንዱ ደሴ፣ የመዝገብ ቤት ሹም፣
ከአቧራው በስተቀር የማዘው የለኝም።

እታፈራሁ ዋና ጀምራለች ሆቴል፤
የሺመቤት ጂም ናት፤ «ነይ» ትለኛለች፣ «ኪሎሽ ይቃለል!»
ላብ ትገዛለች ከፍላ፣
እኔ ሞልቶ የሚፈሰኝን፣ ታክሲ ስጋፋ ማታ፣ ከሥራ በኋላ።

ደብተሬ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራሁት፤
ማኪያቶ በሳምንት፣ ሲኒማ በወር፣ ደመርኩት፣ ቀነስኩት፤
ማኪያቶውን ሰረዝኩ፤
ሲኒማውን ሰረዝኩ፤
የቀረኝ ምን ነበር? የሰረዝኩበት እስክሪብቶ፣
እሱም የመሥሪያ ቤት፣ ቀለሙ ተሟጦ።

እንግዲህ እግር በነጻ ነው ብዬ ከፒያሳ ወረድኩ፤
ቸርችልን ይዤ ቁልቁል፣ የሱቅ መስታወት እያየሁ፣ ምንም ሳልነካ ሄድኩ።
ፖስታ ቤቱ ጋ ስደርስ፣ ከአጥሩ ጥላ ሥር፣
«ብላው!» ይላል አንዱ፤ «አይ፣ ወዲህ ያለውን!» ይላል ሌላው በምሥጢር።
ምግብ መስሎኝ ቆምኩኝ። ባይ፣ የለበትም ሰሃን፤
ካርቶን ነው፣ በከሰል የተሰመረ፤ ላዩ ላይ ቆርኪ ብቻ፣
ግማሹ ፊቱን የሰጠ፣ ግማሹ ጀርባውን።

ባንድ በኩል ሊስትሮው ዳልኬ፣ ጣቱ ቀለም የጠጣ፤
ባንድ በኩል ጋሽ ኃይለየሱስ፣ የቴሌ ጡረተኛ፣
ኮታቸው ክርኑ ላይ ክሩ የወጣ።

ሦስት ቀን ቆሜ አየሁ። በአራተኛው፣
«እመቤት» አሉኝ፣ «ቆሞ ማየት ዋጋ የለው፤
ለመቀመጥ ግን ቆርኪ ይዞ መምጣት ነው፤ አሥራ ሁለት፣ ያንድ ዓይነት።»
«ስንት ይሸጣል?» ብል ሳቁብኝ፤
ከግሮሰሪ ደጅ ለቀምኩ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ምሽት።
አንዷ ጎባጣ ነች፣ ጥርስ የነከሳት፤
ስፈራ ስቸር ከኋላ፣ ግራ ጥግ ላይ አስቀመጥኳት።

«ሴት ከዳማ ምን አላት?» አለ አንድ ዘበኛ፤
ዳልኬ ቀና ሳይል፣ «በርህን ማን ይጠብቅ፣ ወንድሜ?
ለጊዜው እዚህ ሞልቷል ዳኛ።»

ሰኞ ተበላሁ። ማክሰኞም።
ረቡዕ ከስንቱ ስንቱ እንደተረፈኝ አላስታውስም።
ለካ መበላትም ዓይነት አለው ለካ፤
አከራዬ የበላውን መቼ ይተካ?
ጋሽ ኃይለየሱስ ግን ሲጨርሱ፣ የበሉትን ሁሉ እፍኜ ላይ አፍስሰው፣
«ነገ ይዘሻቸው ነይ» ይላሉ፣ ኮፍያቸውን አንስተው።

አንድ ቀን ዝናብ መጣ፤ ካርቶኑን በራሳችን ደፍተን፣
ለሦስት አንድ ጣሪያ፣ ቆርኪውን በመዳፍ ይዘን፣
የማን ተራ እንደነበር ስንከራከር ሰዓት አለፈን።

ዛሬ ግን ያቺ ጎባጣ ከጥጓ ተነሥታ፣
በሰያፍ እያነከሰች ወዲያኛው ዳር ወጥታ፣
ነገሠች።
አራት በላሁ። አራት! በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ትንፋሽ።
ጋሽ ኃይለየሱስ ካርቶኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣
«በላሽ» አሉ፣ «በላሽ!»

ቢሮ ስገባ የሺመቤት፣ «ምሳ በላሽ ወይ?» ብትል፣
«አራት» አልኳት። ወገቤን አየችው፤
ስለ ጂሙ ልታነሣ ስትል
ሣቄ አመለጠኝ።

ማታ ታክሲ ውስጥ፣ ለረዳቱ ሳንቲም ስሰጥ፣
ወደ መብራቱ አስጠግቶ ሲያገላብጥ፣
«እናት፣ ይሄ ቆርኪ ነው!» አለ፤ ታክሲው ሁሉ ዞረብኝ።
እጄን ዘረጋሁ፤
«አውቃለሁ» አልኩት፣ «ንግሥቴ ነች፤ መልስልኝ።»