ትርፍ አርባ ዶላር

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ብሩክስ፣ አልበርታ፣ የቤተክርስቲያን ምድር ቤት፤
ካልኩሌተር፣ የብስኩት ጣሳ፣ ደብተሬ ፊት ለፊት።
ሃያ ሦስት ስካውቶች ዙሪያዬን ይሮጣሉ፤
ገመድ ይቋጥራሉ፣ ይፈታሉ፣ ይጥላሉ።
የኔ ቋጠሮ ሌላ ነው፤ የቁጥር ቋጠሮ፣
ሦስት ወር ያልተፈታ፣ የሚያድር ከርሮ።

ገንዘብ ያዥ አድርገው የመረጡኝ ለታ
እጄን ያነሳሁት ኮቴን ላወርድ ነበር፣ ከማንጠልጠያው ከፍታ።
አጨበጨቡልኝ።
እንዲህ ነው ሹመቴ፤ ጭብጨባ፣ ከዚያ ዝምታ።

መቼም የልጅ ነገር ወጪ ነው መነሻው፤
ከመመዝገቢያው ብዙውን ዋናው ቢሮ ይወስዳል፣ አይታየኝም መድረሻው።
የቀረው ለጋዝ ነው፣ ለድንኳን ዚፕ፣ ለአውቶቡስ፣
ለፕላስተር፣ ካምፕ በሄድን ቁጥር ተረከዙ ለሚላጥ ለእዮስያስ።
ለአዳራሹ ግን አንከፍልም፤ በረዶ ነው ኪራያችን፤
ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደጃፉን መጥረግ ነው ውላችን።
መጋቢዋ በመስኮት ታያለች፤
የተረሳ ጥግ ካለ፣ በጣቷ ብቻ ታሳያለች።

መስከረም ሲጠባ ፈንዲሻ እንሸጣለን፤
በጥቅምት ፖም ይዘን ከግሮሰሪው በር እንቆማለን።
ፖሙ ነጻ ነው፣ የወደደ ይሰጣል፤
ነጻ ያሉት ነገር ከሚሸጡት ይልቅ ያስገኛል።
አንድ ሽማግሌ፣ ባርኔጣው ከነአቧራው፣ ሃያ ሰጥቶ ፖሙን መለሰ፤
«ጥርስ የለኝም» ብሎ ሳቀ፣ ሞተሩን ቀሰቀሰ።

ጠርሙስ ነው ግን የቤታችን ምሰሶ፤
በረዶው ሲቀልጥ፣ ከየጋራዡ ተግበስብሶ።
ትንሿ አስር ሳንቲም፣ ትልቋ ሃያ አምስት፤
ቢራ ቢራ የሚል ጓንት፣ ተርብ የገባበት ከረጢት።
አለቃችን ዳሪል ኮዋልቹክ፣ ከነፒካፑ ከነተጎታቹ፤
ዕድሜ ይስጥልን እላለሁ፣ ለብሩክስ ጠጪዎቹ።

እንግዲህ ችግሩ፤ ጎድሎ ቢሆን በገባኝ፤
ጉድለት ዘመዴ ነው፣ ቤቴን ያውቀዋል፣ ሳልጠራው የሚመጣብኝ።
ይህ ግን ትርፍ ነው። በየወሩ ማለቂያ
አርባ ዶላር፤ ስም የለው፣ ደረሰኝ የለው፣ የለው መጠቆሚያ።
ትርፍም ስህተት ነው። ሒሳብ እንደ ሚዛን ነው፤
ቢጎድልም ቢሞላም፣ ያው ማዘንበሉ ነው።
ከስጋ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ቢላዬን አጥቤ፣
ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ባንድ ዓይኔ እንቅልፍ፣ ባንዱ ቁጥር ስቤ።
ምንም።

የካቲት ላይ፣ ጓንቴን ረስቼ ስመለስ
መብራቱ ጠፍቷል፤ ዳሪል ከጣሳው ፊት፣ እጁ ቀስ...
ክዳኑ ሲንኳኳ ተሸማቀቅሁ፣ ነውሩ የኔ ይመስል።
ሁለት አረንጓዴ ሃያ፤ ሲወጣ አይደለም፣ ሲገባ ኖሯል።
የዚያን ማታ እኔው ለቤንዚኑ ቆጥሬ የሰጠሁት፣
በፊርማው የወሰደው፣ ጫፉን እኔ ያጠፍኩት!

«ለምን ትፈርማለህ? አልፈልግም አትልም?» አልኩት።
(የነዳጅ ጉድጓዱ ከዘጋ ወዲህ ሥራ የለው፤
የመኪናው መስታወት ሁለት ክረምት እንደተሰነጠቀ ነው።)
«አልፈልግም ማለት እችላለሁ፤ ግን እኔ ከተውኩት
ከኔ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ኪሱ የሳሳበት፣
በምን አፉ ይጠይቃል? መስመሩ ይቆይለት።
ፈርሜ እወስዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ጣሳው ያውቅበት።»

«እኔስ ምን ብዬ ልጻፍ?»
ትከሻውን ነቀነቀ፣ ቁልፉን ፈለገ ከኪሱ ጫፍ።

ዛሬ መርማሪዋ መጥታለች፤ ወይዘሮ ባልጂንደር፣
መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ በእርሳስ ስትቆጥር።
ከአንድ መስመር ላይ ቆመች፤ የኔ የእጅ ጽሕፈት፣
«ጥር። ትንንሽ ጠርሙስ፤ ብዛት አራት መቶ።» ዝምታ ሆነ ለትንሽ ደቂቃ።
«በጥር? በዚህ ብርድ? ይህን ሁሉ ማን ጠጥቶ?»

ዳሪል ወለሉን ያያል፤ የገመድ ጫፍ ያሻል።
«ብሩክስ ነው እኮ» አልኳት፤ «ጠጪ መቼ ይጠፋል።»