ያልተቋጨው ድር

ሥራዬ ውሃ መድፋት ነው፣ ደመወዝ የምበላበት፤
በፓራጓይ፣ በኢታውጓ፣ በር ለበር የምዞርበት።
ጎማ እገለብጣለሁ፣ የተጣለ ድስት፣
የአሻንጉሊት ጫማ፣ የእንቁላል ቅርፊት።
"ይቺ እፍኝ ውሃ ደግሞ ማንን ትገድላለች?"
ይሉኛል። እላለሁ፦ "ዛሬማ ትተኛለች፤
ስምንት ቀን ከሞላት ክንፍ ታወጣለች።"

ዘንድሮ ዝናቡ ጠና፤ በሽታው አጥር ዘለለ፣
ዳቦ ጋጋሪው ሲነሳ አስተማሪዋን ጣለ።
ቆዳ አዥጎርጉሮ፣ አንጓን ከአንጓ አጣልቶ፤
የአውቶቡሱ ሹፌር መሪው ላይ ተደፍቶ
አለቀሰ፤ ተሳፋሪው ጠበቀው፣ ሰዓቱን ረስቶ።
በጤና ጣቢያው ደጅ ሰልፉ እንዳለ ጎብጧል።
በሩቅ አፍሪካ ዳር ማኮንዴዎች "አጎባጭ" ብለውታል፤
ያለ ፓስፖርት፣ ከነስሙ፣ ውቅያኖስ ተሻግሯል።

ኛ ሴፌሪና፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፤
ኛንዱቲ፣ የሸረሪት ድር፣ ጥልፉ የእናት ርስቷ።
ለልጅ ልጇ ለሚርና ዓይነ ርግብ ስትሠራ
ጣቶቿ ዝንጅብል መሰሉ፤ መርፌው ወደቀ ከክሩ ጋራ።
"ዕድሜዬን ድር ሠራሁ፤ አንበሳስ ይቅር፣ ማን አሰረበት፤
እንዴት አንዲት ቢንቢ እንኳ አልያዝኩበት?"
አለችኝ፣ ግቢዋን ስፈትሽ።

ግቢው ንጹሕ ነው፤ ጠብታ የለም።
መስኮቱ ላይ ግን አንድ የቀንድ ዋንጫ አለ፣
የሟች ባሏ፣ የፓንታሌዮን።
ሰኞ ሰኞ ውሃ ትሞላዋለች፣
ነፍሱን ሲጠማው እንዲጠጣ።
በባትሪ አበራሁበት።
ነጠላ ሰረዝ የሚያካክሉ ትሎች
ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ።

ቃል አጣሁ። እሷ ግን ፊቴን አንብባ ጨርሳለች።
"ድፋው" አለች፤
"ድሮም እንግዳ ማባረር አያውቅበትም ነበር።"
ደፋሁት። ሲሚንቶው ወዲያው ጠጣው።
በዋንጫው እርጥብ አሸዋ ሞላሁለት።

ሰኔ ላይ ብርዱ ገባ፣ ቢንቢው አለቀ፤
ጋዜጣው "አበቃ" ብሎ ወደ ኳስ ዘለቀ።
ሚርና ጠርዙ ባልተቋጨ ዓይነ ርግብ ተዳረች፤
አያቷ አበባውን በክንዷ አቅፋ ፎቶ ተነሳች፣
መጨበጥ ስላልቻለች።

ትናንት በደጇ ሳልፍ ጥላው ሥር አየኋት፣
ጣቶቿን ለብ ባለ ውሃ ነክራ፣ ሳፋው ጉልበቷ ላይ።
አሁንም ሌሊት ሌሊት ያማታል፤ ጎረቤት ነው የነገረኝ።
ባትሪዬን ገና ሳወጣ፣ እየሳቀች፦
"ይቺን እንኳ አትድፋብኝ" አለች።