ሰው አለው

ሐምሌ ላይ መጡ፣ በሦስት አውቶቡስ፣
ጭቃ ያልነካው ቦቲ፣ አንድ ዓይነት ልብስ።
ማይክ ተሞከረ፣ “አንድ፣ ሁለት፣ አንድ”፤
ሦስት መቶ ችግኝ በአንድ ጠዋት ወረደ ጉድጓድ።
ፎቶው ተነሣ፤ ውሃው ተጠጣ፤
ባዶ ሃይላንዱ ግን ሰብሳቢ አጣ።

እኔ ዘበኛ ነኝ፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ፣
ገረጋንቲ ተዝቆ ጎኑ ጎድሎ ከሚታይ
ኮረብታ ሥር ባለው የትምህርት ቤት በር፣
የፊሽካና የቁልፍ ሹም፣ የሁለት ሰዓት ወታደር።
ብዙ ሐምሌ አይቻለሁ። ይሄ ተከላ
እንደ ሠርግ ነው፤ ትዳሩን ማን አየው ኋላ?

ጥቅምት ገባ። መሬቱ ተሰነጠቀ፤
ፍየል የቀማውን ቀማ፣ የደረቀው ደረቀ።

አንድ ቀን ሲፈን፣ የሰባተኛ “ለ”፣
ደብተር ይዛ መጣች። “ጋሼ፣ ስንቱ አለ?”
“ምኑ?” አልኳት። “ችግኙ።” ሳቅሁ።
“የተከሉትን ጠይቂ፤ እኔ በር ነው የጠበቅሁ።”
አልሳቀችም። ወጣች ዳገቱ ላይ፣
ከኦብሳ፣ ከረድኤት ጋር፣ በዚያ ፀሐይ።
ቆርኪ ለቅመው፣ በምስማር ቁጥር ጭረው፣
ከየችግኙ ጎን ቸነከሩ፣ በየስሙ ጠርተው፦
ወይራ አሥራ አራት፣ ኮሶ ሃያ ዘጠኝ፣
ዝግባ፣ ባለ አንድ ቅጠሏ፣ “እሷን ለእኔ ስጡኝ።”
መቶ አሥራ ሰባት ሆነ። ከሦስት መቶ።
ሲፈን በቀይ ጻፈችው፣ ፊቷ አቧራ ተቀብቶ።

ውሃስ? የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ፣
ማክሰኞ ሌሊት ነው፤ ያገኛል የነቃ።
እናት ጀሪካኗን ለዛፍ አትሰጥም፤
“ልጄ፣ ዛፍሽ ሰው ነው?” ብትል አይፈረድባትም።
እናም ምስር የታጠበበት፣ ጎመን የተለቀለቀበት
(ሳሙና የነካው አይሆንም፣ ብለዋል የሳይንሷ መምህርት)፣
በዚያው፣ ሐምሌ ተጥሎ በቀረው ሃይላንድ
ይዘው ይወጣሉ፤ ለአንድ ችግኝ አንድ።

አቀበቱ ረጅም፣ ሰዓቱ አጭር፤
ሁለት ሲሞላ እዘጋለሁ በር።
ውጭ ይቆማሉ፣ ጫማቸው እርጥብ፣ እጃቸው አፈር፤
እኔም ስማቸውን እመዘግባለሁ፣ ሕግ ነው ብዬ፣ ሳላፍር።
ርእሰ መምህሩ ወጡ። ዝርዝሩን አዩ። ዝም አሉ።
“ያረፈደ ሁሉ ቅጣቱ ይሁን፣” አሉ፣
“ለአንድ ሳምንት ችግኝ ማጠጣት።”
ወይ ቅጣት!
በማግስቱ፣ አርፍዶ የማያውቀው፣ የፊት ወንበሩ ልጅ ሳይቀር፣
ሁለት ከአንድ ደቂቃ ላይ አገኘሁት ከበር፣
ሃይላንዱን ከጀርባው ደብቆ።
“አረፈድኩ፣ ጋሼ፣” አለኝ፣ እንዳይስቅ ተጨንቆ።

ሁሉም ግን አልዳነም። ታኅሣሥ ውርጩ ወሰደ፤
ጥር ላይ የገረጋንቲ መኪና በአሥራ አንዱ ላይ ሄደ።
ሲፈን ደብተሯ ላይ መስመር አሰመረች፤
ያን ቀን ለማንም፣ ለእኔም፣ ቃል አልተነፈሰች።
እኔስ? አንድ የካቲት ሌሊት፣ ማንም ሳያየኝ፣
ለሻይ ካቆየሁት ውሃ ግማሹን ይዤ፣ ዳገቱ አስተነፈሰኝ።
(ይህን ለልጆቹ አትንገሩብኝ።)

ሐምሌ ዞሮ መጣ፤ ማይኩም መጣ፣ አዲስ ቲሸርት፣
ሦስት መቶ ችግኝ፣ ለዚያው ቦታ፣ ለዚያው ዳገት።
ትምህርት ተዘግቷል፤ ሣሩ ረዝሟል፤ ከሥሩ ያለውን ማን ያያል?
አንዱ ዶማውን አነሣ፣ “እዚህ ጋ ይሻላል።”
እሷ ከየት መጣች? ከፊቱ ቆመች፣ እጇን ዘርግታ፣
ታክሲ ውስጥ ለጓደኛዋ ወንበር እንደምትይዝ፣ ፈጥና፣ ግን በይሉኝታ፦
“ይቅርታ፣ እዚህ ሰው አለው።”
ሰውዬው አጎነበሰ፤ ሣሩን በእጁ ከፈለው።
ቆርኪ። ቁጥር ሰማንያ ሁለት። ዝግባ፣
አራት ቅጠል፣ ከጉልበቱ የማትገባ።

ዶማው መሬት ያዘ። ማይኩ ከታች ይጮኻል።
“ሌላስ?” አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አርባ ስድስቱ ተይዟል፤
ባዶውን እኔ ላሳይዎ። ብዙ ቦታ ተርፏል።”